የእሳት ማንቂያ ሥርዓት ቃላት፤ ስለ አድራሻ አሰጣጥና ስለ ዳሳሽ ፍተሻ

በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሌሊት እሳት ቢነሣ፣ ነገሩን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው በኮርኒሱ ላይ የተገጠመ፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ያወቀውን በሽቦ ወደ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ይልካል፤ ሰሌዳው ደወሉን ያስጮኻል፤ በመስኮቱም ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ያወጣል። ዘበኛው ያን መስመር አንብቦ ይሮጣል። እንግዲህ በእሳቱና እሳቱን በሚያጠፋው ሰው መካከል የመጨረሻው አገናኝ ቃል ነው ማለት ነው። ቃሉ የደበዘዘ ወይም ሁለት ትርጉም ያለው እንደ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለው የረቀቀ ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣን በየሕንፃው ያስተዋልነው የቃላት መዘበራረቅ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ለአንዱ መሣሪያ አምስት ስም ሲሰጠው ሰምተናል። የኤሌክትሪክ ባለሙያው «ዲቴክተር»፣ ረዳቱ «ሴንሰር»፣ የሕንፃው ኃላፊ «ጭስ ጠቋሚ»፣ ዘበኛው «አላርም»፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ «ያቺ ቀይ የምታበራው» ይሉታል። ሁሉም ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው በጽሑፍ መልእክት ቢተው መግባባታቸው ያጠራጥራል።

ስያሜዎቹን ስንመረምር ሦስት መመሪያዎችን ተከትለናል። አንደኛ፣ ሕዝቡ ለነገሩ የራሱ ቃል ካለው ሌላ አንፈልግም፤ የተለመደ የውጭ ቃልም ቢሆን ሥር ከሰደደ አናሳድደውም። ሁለተኛ፣ በዚህ ሙያ ውስጥ አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ ይሰየምበታል። ሦስተኛ፣ ቃሉ ከእንቅልፉ ተደናግጦ የተነሣ ሰው በአንድ ንባብ የሚረዳው መሆን አለበት። ከሦስቱ አጥብቀን የያዝነው የመጨረሻውን ነው።

ሀ/ ከኡኡታ እስከ ማንቂያ

በመንደር እሳት ያየ ሰው ኡኡ ይላል። ኡኡታ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይናገራል፤ አደጋ መኖሩንና አደጋው ያለበትን ሥፍራ። ሰሚው ድምፁ ወደ መጣበት አቅጣጫ ስለሚሮጥ፣ «ወዴት?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። በባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ግን ደወሉ በየመተላለፊያው ባንድ ጊዜ ስለሚጮኽ፣ አደጋ መኖሩን እንጂ ሥፍራውን አይናገርም። ድምፁ ያጣውን አቅጣጫ በሌላ መንገድ መመለስ ግድ ሆነ፤ የአድራሻም ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1852 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዊልያም ቻኒንግና ሞዝስ ፋርመር ያቋቋሙት የቴሌግራፍ የእሳት ማንቂያ ሥራ ጀመረ። በየመንገዱ የቆመው ሣጥን ሁሉ የራሱ ቁጥር ነበረው፤ እሳት ያየ ሰው የሣጥኑን እጀታ ሲያዞር የሣጥኑ ቁጥር በቴሌግራፍ ምት ወደ ማዕከሉ ይተላለፍ ነበር። በማዕከሉ ያለው ሠራተኛ ምቱን ቆጥሮ የእሳት አደጋ ተከላካዮችን ወደ ሥፍራው ይልካል። ዛሬ «አድራሻ» የምንለው ይኸው የሣጥን ቁጥር ነው።

የጠቅላላውን ሥርዓት ስም በተመለከተ «ማስጠንቀቂያ» እና «ማንቂያ» የሚሉት ቃላት ይወዳደራሉ። «ማስጠንቀቂያ» ነገሩ ከመድረሱ በፊት የሚሰጥ ምክር ወይም ተግሣጽ ነው፤ ለሠራተኛ የሚጻፈውም ደብዳቤ በዚሁ ስም ይጠራል። «ማንቂያ» ግን የተኛን መቀስቀስ፣ የዘነጋን ማንቃት ነው፤ ነገሩ አሁን መድረሱን ይናገራል። ስለዚህ ጠቅላላውን «የእሳት ማንቂያ ሥርዓት» እንለዋለን። ጢሱ ገና የማንቂያው መጠን ላይ ሳይደርስ ሰሌዳው ለዘበኛው ብቻ የሚሰጠውን ምልክት ደግሞ «ቅድመ ማንቂያ» ብለነዋል።

ለ/ ዳሳሽ

«ጠቋሚ» የሚለው ቃል የሰፋ ተቀባይነት ቢኖረውም በሥርዓቱ ውስጥ ሌላ ሥራ አለበት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለው መሣሪያ ሲነቃ ከበሩ በላይ በውጭ በኩል የምትበራው ትንሽ መብራት ክፍሉን ትጠቁማለች፤ «ጠቋሚ» ለእርስዋ ይገባታል። ጢስን ወይም ሙቀትን ራሱ አግኝቶ የሚያውቀው መሣሪያ ግን በጨለማ እየዳሰሰ እንደሚፈልግ ሰው ነውና «ዳሳሽ» ቢባል ከሥራው ጋር ይስማማል። ቃሉ በሌሎች የሙያ ዘርፎችም እየተለመደ መጥቷል።

ዳሳሾችን ለመለየት ቋንቋችን ቀድሞውኑ የተዘጋጀ ይመስላል። ፍም፣ ረመጥ፣ ነበልባል፣ ወላፈን ብሎ እሳትን የሚከፋፍል ሕዝብ፣ የሚነድ እሳትና የሚጤስ እሳት አንድ አለመሆናቸውን ያውቃል። የመሣሪያዎቹም ልዩነት በዚሁ ላይ የቆመ ነው። የብርሃን ጢስ ዳሳሽ በውስጡ ጨለማ ዕልፍኝ አለው፤ በዕልፍኙ ውስጥ የብርሃን ምንጭና ብርሃን ተቀባይ ሳይተያዩ ይቀመጣሉ፤ ጢስ ሲገባ ብርሃኑን በትኖ ወደ ተቀባዩ ያደርሰዋል። ይህ ዓይነቱ ውስጥ ለውስጥ የሚጤሰውን እሳት ፈጥኖ ያገኛል። የአዮን ጢስ ዳሳሽ ደግሞ አሜሪሲየም 241 በተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት መጠን አማካይነት በአየር ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ የጢስ ብናኝ ፍሰቱን ሲቀንሰው ይነቃል። ይህኛው በነበልባል ለሚነደው እሳት ይፈጥናል።

ሙቀት ዳሳሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተወሰነ የሙቀት መጠን ሲደርስ የሚነቃ ነው፤ ለምሳሌ ኢ.ኤን. 54 በተባለው የአውሮፓ ደረጃ ክፍል 5 መሠረት ኤ1 የሚባለው መደብ ሙቀቱ በዝግታ ሲጨምር ከ54 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል መንቃት አለበት። ሁለተኛው የሙቀቱን መጠን ብቻ ሳይሆን የአጨማመሩን ፍጥነት የሚከታተል ነው። የመጀመሪያውን «ባለ ወሰን»፣ ሁለተኛውን «ባለ ፍጥነት» ብለን ለይተናቸዋል። አየርን በቧንቧ እየሳበ የሚመረምረውን ዓይነት ግን «አነፍናፊ» ከማለት የተሻለ ቃል አላገኘንም፤ አነፍናፊ ውሻን የማያውቅ የለምና።

አንድ ልዩነት ይቀራል። የቀድሞው ዳሳሽ «እሳት ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ራሱ ይወስናል። በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚሠራበት ግን የለካውን መጠን ብቻ ይነግራል፤ የሚወስነው ሰሌዳው ነው። ሁለቱን «ወሳኝ ዳሳሽ» እና «ነጋሪ ዳሳሽ» ብለናቸዋል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ነጋሪ ዳሳሽ በውስጡ አቧራ እየተጠራቀመ ሲሄድ ልኬቱ ቀስ በቀስ ከፍ ስለሚል፣ ሰሌዳው ከንቱ ጩኸት ከመነሣቱ በፊት «ይጽዳ» ብሎ ሊያመለክት ይችላል።

ሐ/ አድራሻ፤ የመሣሪያው ቁጥር

«አድራሻ» የሚለው ቃል በየትኛውም መንገድ ወደ ቋንቋችን ይግባ፣ ጆሯችን «ማድረስ» ከሚለው ጋር አዛምዶታል፤ መልእክት የሚደርስበት ማለት ነው። ለዳሳሽ ሲነገር ግን መልእክቱ የሚደርስበት ብቻ ሳይሆን የሚነሣበትም ይሆናል። ሰሌዳው በየተራ «ቁጥር 1፣ እንዴት ነህ? ቁጥር 2፣ እንዴት ነህ?» እያለ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም በተራው ይመልሳል። ሁሉም በአንድ ጥንድ ሽቦ ላይ የተሰለፉ ስለሆኑ ከቁጥራቸው በቀር የሚለያቸው ነገር የለም።

ሽቦው ከሰሌዳው ወጥቶ በሕንፃው ዞሮ ወደዚያው ሰሌዳ ይመለሳል። ባለሙያዎች «ሉፕ» ይሉታል፤ እኛ «ቀለበት» እንበለው እንላለን። ቃሉ ነገሩን በዓይን ያሳያል፤ ቀለበት በአንድ ቦታ ቢቆረጥ ሰሌዳው በሁለቱም ጫፍ ሊያገለግለው ይችላል። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ቢነካኩ ግን ነገሩ ይከፋል። ሕዝቡ ይህን «ኮንታክት» ይለዋል፤ ቃሉ ሥር የሰደደ ስለሆነ አልነካነውም። ኮንታክት የተፈጠረበትን ክፍል ከቀሪው የሚነጥለውን መሣሪያ «የኮንታክት ለያይ» ብለነዋል። «ቀጠና» ደግሞ ከቀለበት የተለየ ነው፤ የሕንፃው ክፍፍል እንጂ የሽቦው አይደለም፤ በአንድ ቀለበት ላይ ብዙ ቀጠናዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

ቁጥሩ ለዳሳሹ የሚሰጠው በልዩ ልዩ መንገድ ነው። በአንዳንዱ ላይ ሁለት ተሽከርካሪ መምረጫዎች አሉ፤ አንዱ ለአሥር ቤት፣ ሁለተኛው ለአንድ ቤት ነው፤ 37 ለማድረግ የመጀመሪያውን 3 ላይ፣ ሁለተኛውን 7 ላይ ማዞር ይበቃል። በሌላው ላይ በአንድ ረድፍ 7 ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይገኛሉ፤ ዋጋቸው በቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 ነው። 37 የሚገኘው 32፣ 4 እና 1 ተደምረው ነው። የሰባቱ ድምር 127 ስለሆነ ከዚያ በላይ ቁጥር በዚህ መንገድ አይሰጥም።

በዚህ ቦታ አንድ የቋንቋ ወጥመድ አለ፤ አንባቢያን እንዲያስተውሉት እንወዳለን። በተለመደው አነጋገራችን «ሬዲዮውን ክፈት» ማለት እንዲሠራ አድርግ ማለት ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ ግን «ክፍት» የሆነ መስመር ፍሰት የማይተላለፍበት፣ ማለትም የማይሠራ ነው። በመሆኑም «ሦስተኛውን ማብሪያ ክፍት አድርግ» የሚል መመሪያ ለአንዱ ማብራት፣ ለሌላው ማጥፋት ይሆናል፤ ቁጥር 37 መሆን የሚገባውም ዳሳሽ ቁጥር 33 ሆኖ ይገኛል። ነገሩን የባሰ የሚያወሳስበው፣ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ የማብሪያው ዋጋ የሚቆጠረው ሲበራ ሳይሆን ሲጠፋ መሆኑ ነው። ስለዚህ በመመሪያ ጽሑፍ ውስጥ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚሉት ቃላት ጨርሰው እንዳይገቡ፣ በምትካቸው «ይቆጠራል» እና «አይቆጠርም» እንዲባል፣ ከአጠገቡም የማብሪያዎቹ ሥዕል እንዲታተም እንመክራለን። ለተበጠሰ ሽቦም «ክፍት መስመር» ከማለት «የተቆረጠ መስመር» ማለት ይሻላል።

ዳሳሹ ሁለት አካል አለው፤ በኮርኒሱ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው «መቀመጫ»፣ ተነቅሎ የሚወጣው ደግሞ «ራስ» ነው። አድራሻው ከሁለቱ በየትኛው ላይ እንዳለ ማወቅ ታላቅ ነገር ነው። በአንዳንዱ ሥሪት ቁጥሩ በመቀመጫው ላይ ይቀራል፤ በሌላው ግን ከራሱ ጋር ይሄዳል። ዐሥር ራሶች ለጽዳት ተነቅለው በቅርጫት ተሰብስበው፣ ኋላ እንደ ተገኘ ቢመለሱ፣ በሁለተኛው ዓይነት ሥርዓት ዐሥሩ ክፍሎች ስማቸውን ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ሰሌዳው ምንም ብልሽት አያሳይም፤ ሁሉም ቁጥር በተራው መልስ ይሰጣልና። ሁለት ዳሳሾች አንድ ቁጥር ቢይዙ ግን ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ያውቀዋል፤ ይህን «ድርብ አድራሻ» ብለነዋል። እንግዲህ መሣሪያው ራሱ የሚያገኘው ስሕተትና ሰው ብቻ የሚያገኘው ስሕተት መኖሩን ልብ ይሏል።

መ/ የሥፍራ ስም

ቁጥር ለመሣሪያ ይበቃል፤ ለሰው ግን አይበቃም። ዘበኛው 37 ቁጥርን ብቻ አንብቦ ወዴት ይሂድ? ስለዚህ ከያንዳንዱ ቁጥር ጋር አንድ ሐረግ በሰሌዳው ውስጥ ይጻፋል፤ ይህን «የሥፍራ ስም» ብለነዋል። የሥርዓቱ ሁሉ ደካማ ቦታ ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል በተቃጠለ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ያወጣው ምርመራ እንደሚያስረዳው፣ የማንቂያው ሥርዓት ጢሱን በጊዜው አግኝቶት ነበር። በሰሌዳው ላይ የወጣው መልእክት ግን የጣሪያ ሥርን፣ የዋናውን አዳራሽና ከጎኑ ያለውን የንዋየ ቅድሳት ቤት ስሞች ያቀላቀለ፣ በፊደላትና በቁጥሮች የተያያዘ ረጅም ምልክትም የተጨመረበት ነበር። ዘበኛው ወደ ንዋየ ቅድሳት ቤቱ ተልኮ እሳት አላገኘም። የሚነደው ግን የካቴድራሉ የዋናው ጣሪያ ሥር ነበር። ስሕተቱ ታውቆ ወደ ትክክለኛው ሥፍራ እስኪደረስ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ፤ በዚያን ጊዜም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆየው የጣሪያ እንጨት ተያይዞ ነበር። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በሚመለከታቸው ወገኖች መካከል አከራክሯል። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዳሳሹ ሥራውን ፈጽሟል፤ ሥፍራውን መለየት የተሳነው ቃሉ ነው።

በአማርኛችንስ እንዲህ ያለ አደጋ የለምን? «ምድር ቤት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አንዳንዱ ከመሬት በታች ያለውን፣ አንዳንዱ ከዋናው በር ጋር እኩል የሆነውን ወለል ይልበታል። «አንደኛ ፎቅ» ሲባልም አንዱ ከመሬት ይጀምራል፤ ሌላው ከመሬት በላይ ካለው። በመሆኑም «ምድር ቤት፣ መጋዘን» የሚል ጽሑፍ ለሁለት ሰዎች ሁለት ቦታ ነው። «ሰገነት» የሚለውም ለአንዱ የደጅ በረንዳ፣ ለአንዱ የላይኛው ቤት ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ «ፎቅ»ንና «ምድር ቤት»ን ትተን «ወለል» ብቻ እንድንጠቀም እናቀርባለን፤ «ከመሬት በታች 1ኛ ወለል»፣ «የመሬት ወለል»፣ «ከመሬት በላይ 1ኛ ወለል»። ረዘም ይላል፤ ግን አያሳስትም። ዳሳሹ ከኮርኒስ በላይ ተሰውሮ ያለ እንደ ሆነም «ኮርኒስ በላይ» ተብሎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ዘበኛው በጠራ ክፍል መካከል ቆሞ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል።

ምህጻረ ቃልም ሌላ ፈተና ነው። የሰሌዳው መስኮት ጠባብ በመሆኑ ጸሐፊው ማሳጠሩ አይቀርም፤ ነገር ግን «ቤተ መ.» የሚል ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ነው ወይስ ቤተ መዛግብት? ሁለቱም ወረቀት የሞላባቸው ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ተቋም ሊገኙ ይችላሉ። በሰው ስም መሰየምም አይበጅም፤ «የኃላፊው ቢሮ» ኃላፊው ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ባዶ ስም ይሆናል። «ግራ» እና «ቀኝ»ም የሚጠሩት ሰው በቆመበት ልክ ነው፤ ስለዚህ «ምሥራቅ ክንፍ»፣ «ምዕራብ ክንፍ» መባል ይገባል።

የቃላቱ ቅደም ተከተልም በፈቃድ የሚተው አይደለም። የከተማ አድራሻችንን ከክፍለ ከተማ ጀምረን ወደ ወረዳና ወደ ቤት ቁጥር እንደምንወርድ፣ የሥፍራ ስምም ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይውረድ፤ ወለል፣ ክንፍ፣ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ቦታ። ለምሳሌ፦ «ከመሬት በላይ 3ኛ ወለል፣ ምሥራቅ ክንፍ፣ መዝገብ ቤት፣ ኮርኒስ በላይ»። አንባቢው የመጀመሪያውን ቃል እንዳየ ወደ ደረጃው መሮጥ ይጀምራል፤ ቀሪውን እየሮጠ ያስታውሳል። ብዙ ሰሌዳዎች የኢትዮጵያን ፊደል ስለማያወጡ ስሙ በላቲን ፊደል ለመጻፍ ይገደዳል። በዚህ ጊዜ ቁጥሩና ሙሉው የአማርኛ ስም ጎን ለጎን የሰፈሩበት ሠንጠረዥ ከወለሉ ፕላን ጋር በሰሌዳው አጠገብ ይሰቀል።

ሠ/ ምርመራ፣ ፍተሻና ልኬት

ለአንድ ሥራ በተለምዶ «ሙከራ» ይባላል። ይህ ቃል አይበቃም። «ሙከራ ተደርጓል» ተብሎ በመዝገብ የሰፈረ ነገር ተሳክቷል ወይስ ተሞክሮ ቀርቷል? ቋንቋው ሁለቱንም ይፈቅዳል። ስለዚህ ሦስት ሥራዎችን በሦስት ቃላት ለይተናል። «ምርመራ» በዓይን ማየት ነው፤ ዳሳሹ በቦታው አለ ወይ? ቀለም አልተቀባም ወይ? በእድሳት ጊዜ አቧራ እንዳይገባው የተደረገለት ሽፋን ተነሥቷል ወይ? የተሸፈነ ዳሳሽ ለሰሌዳው ጥያቄ «ደኅና ነኝ» እያለ ይመልሳልና ሰሌዳው ፈጽሞ አያውቅበትም። «ፍተሻ» ጢስ ወይም ሙቀት አቅርቦ ማንቃት ነው። «ልኬት» ደግሞ ዳሳሹ በምን ያህል ጢስ እንደሚነቃ በመሣሪያ መለካት ነው።

ፍተሻው እንዲህ ይከናወናል። አስቀድሞ በሕንፃው ያሉ ሰዎችና መልእክቱ የሚደርሰው የእሳት አደጋ መከላከያ ክፍል ይነገራቸዋል። አንድ ሰው በሰሌዳው አጠገብ ይቆማል፤ ሌላው በረጅም ዘንግ ጫፍ የተሰካውን የፍተሻ ጢስ ቆርቆሮ ወደ ዳሳሹ ያደርሳል። ለሙቀት ዳሳሽ ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ ያገለግላል። ወረቀት ወይም ጨርቅ አቃጥሎ መፈተሽ ክልክል ሊሆን ይገባል፤ ጥላሸቱ ዕልፍኙን ያቆሽሻል፤ መጠኑም አይታወቅም። ማግኔት በማስጠጋት የሚነቁ ዳሳሾችም አሉ፤ ሆኖም ማግኔት የሚፈትሸው የኤሌክትሪኩን ክፍል ብቻ ነው፤ ጢስ ወደ ዕልፍኙ መግባት መቻሉን አያረጋግጥም።

ዳሳሹ ቀይ መብራት ሲያሳይ ብዙዎች ፍተሻው ያለቀ ይመስላቸዋል። ገና አላለቀም። በሰሌዳው የቆመው ሰው የወጣውን ቁጥርና የሥፍራ ስም ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ዘንግ የያዘውም የቆመበትን ሥፍራ መናገር አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ዳሳሹ ቢነቃም ፍተሻው ወድቋል። ቀደም ብለን ያነሣነው የዐሥሩ ራሶች መለዋወጥ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ በትርጓሜያችን ውስጥ «ፍተሻ» ማለት ጢሱንም ቃሉንም መፈተሽ ነው ብለን አስገብተናል።

ስለ ጊዜው፣ የብሪታንያ ደረጃ ቢ.ኤስ. 5839 ክፍል 1 በየሳምንቱ አንድ የእጅ ማንቂያ እንዲፈተሽ፣ በየሳምንቱም ሌላ ሌላው እንዲመረጥ፣ ዳሳሾችም ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲፈተሹ ይመክራል። የአሜሪካው ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 72 ደግሞ የጢስ ዳሳሾችን ልኬት በተተከሉ በ1 ዓመት ውስጥ፣ ከዚያም በየሁለተኛው ዓመት ይጠይቃል።

ረ/ የሰሌዳው ቃላትና ከንቱ ማንቂያ

በሰሌዳው ላይ የሚወጡት አራት ቃላት ፈጽሞ መምሰል የለባቸውም፤ «እሳት»፣ «ብልሽት»፣ «ታግዷል»፣ «በፍተሻ ላይ»። «ችግር» የሚለው ቃል ለእሳትም ለብልሽትም ስለሚሆን አይግባ። ከአራቱ እጅግ የሚያስፈራው «ታግዷል» ነው። በብየዳ ወይም በቀለም ሥራ ምክንያት ለአንድ ቀን የታገደ ዳሳሽ ተረስቶ ወራት ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ማገድ በተመዘገበበት ሁሉ የሚነሣበት ቀንና የሚያነሣው ሰው አብረው ይመዝገቡ።

እሳት ሳይኖር የሚነሣውን ጩኸት ብዙዎች «የሐሰት ማንቂያ» ይሉታል። ዳሳሹ ግን አልዋሸም፤ ያገኘውን ተናግሯል። ምጣድ ሲሰፋ፣ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጤስ የሚወጣው ጢስ እውነተኛ ጢስ ነው፤ የተሳሳተው በዚያ ቦታ ጢስ ዳሳሽ የገጠመው ሰው ነው። በማድ ቤት ሙቀት ዳሳሽ መሆን ነበረበት። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ቡና በቆሉ ቁጥር ዳሳሹን በላስቲክ ሲሸፍኑ፣ ኋላም ሳይገልጡት ሲረሱ ሰምተናል፤ ይህ ከጩኸቱ ይልቅ የሚያስፈራ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን «ከንቱ ማንቂያ» ብለን፣ «የሐሰት ማንቂያ» የሚለውን ሰው ሆነ ብሎ ለሚያነሣው ብቻ አስቀርተነዋል። ስሙ መለየቱ መድኃኒቱንም ይለያል፤ ለሐሰት ሰው ይጠየቃል፤ ለከንቱ ዳሳሹ ይለወጣል ወይም ቦታው ይስተካከላል። ዘወትር በከንቱ የሚጮኽ ደወል ግን እንደ ዘወትር ኡኡታ ሰሚ ያጣል።

የቀረቡት ስያሜዎች

ማንቂያ፦ እሳት መድረሱን በድምፅና በብርሃን የሚያሳውቅ።
ቅድመ ማንቂያ፦ ከማንቂያው መጠን በታች ሳለ ለዘበኛው ብቻ የሚሰጥ ምልክት።
የእጅ ማንቂያ፦ እሳት ያየ ሰው ተጭኖ ማንቂያውን የሚያስነሣበት ሣጥን።
ዳሳሽ፦ ጢስን ወይም ሙቀትን አግኝቶ የሚያውቅ መሣሪያ።
ወሳኝ ዳሳሽ፦ የእሳትን መኖር ራሱ የሚወስን።
ነጋሪ ዳሳሽ፦ የለካውን ለሰሌዳው ነግሮ ውሳኔውን ለእርሱ የሚተው።
አነፍናፊ፦ አየር በቧንቧ እየሳበ የሚመረምር ዳሳሽ።
ጠቋሚ፦ የነቃው ዳሳሽ ያለበትን ክፍል ከውጭ የሚያመለክት መብራት።
ራስ፣ መቀመጫ፦ የዳሳሹ ተነቃይና ቋሚ አካላት።
ቀለበት፦ ከሰሌዳው ወጥቶ ወደ ሰሌዳው የሚመለስ መስመር።
ቀጠና፦ ለማንቂያ ሲባል የተከፈለ የሕንፃ ክፍል።
የኮንታክት ለያይ፦ ኮንታክት ያለበትን የቀለበት ክፍል ከቀሪው የሚነጥል።
አድራሻ፦ በቀለበት ላይ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የተሰጠ ቁጥር።
ድርብ አድራሻ፦ በሁለት መሣሪያዎች ላይ የተገኘ አንድ ቁጥር።
የሥፍራ ስም፦ ለአድራሻው በሰው ቋንቋ የተሰጠ፣ ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚወርድ መግለጫ።
ምርመራ፦ በዓይን የሚደረግ።
ፍተሻ፦ ጢስ ወይም ሙቀት አቅርቦ፣ የወጣውን የሥፍራ ስም ከእውነተኛው ሥፍራ ጋር ማስተያየት።
ልኬት፦ ዳሳሹ የሚነቃበትን መጠን መለካት።
ከንቱ ማንቂያ፦ ያለ እሳት፣ ያለ ሰው ክፋት የተነሣ ማንቂያ።
የሐሰት ማንቂያ፦ ሰው ሆነ ብሎ ያለ ምክንያት ያስነሣው ማንቂያ።

እነዚህን ስያሜዎች ያቀረብነው ለውይይት ነው። በሙያው የተሰማሩ፣ በተለይም ሌሊት በሰሌዳው አጠገብ የሚያድሩ ሰዎች የሚሰጡን አስተያየት ከመዝገብ ከምንለቅመው ይበልጥብናል። ቃሉን በጭንቅ ሰዓት የሚያነቡት እነርሱ ናቸውና፣ የትኛው ቃል እንደሚያስኬድና የትኛው እንደሚያስቆም ከእነርሱ የተሻለ ዳኛ አይገኝም።